የመቶ ሺህ ቤት

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ዜሮ ነበርኩ። ውጤቴን ማለቴ አይደለም፤ በሂሳብስ ከአንደኛ ወርጄ አላውቅም። ዜሮዋ እኔው ራሴ ነበርኩ። ከካርቶን የተቆረጠች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ ከአገጬ እስከ ወገቤ የምትደርስ ዜሮ ነበረችኝ። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ እሷን ደረቴ ላይ አቅፌ እቆማለሁ። እረፍት ሲደወል ካርቶኗ ግድግዳው ላይ ትሰቀላለች፤ ስሟ ግን እኔ ላይ ይቀራል። «ዜሮ፣ ኳሷን አቀብይን!» «ዜሮ፣ ዳቦሽን አካፍይኝ!»

ስሙ የመጣብኝ በሂሳብ አስተማሪያችን ነው። እሳቸውንም እኛ በተራችን ጋሽ ሚሊዮን ብለናቸዋል፤ ከሚሊዮን በታች ያለ ቁጥር ለእሳቸው ማሟሟቂያ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው አንድ ጎኑ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበሩ። ጠመኔው ከየት እንደሚነካቸው ይገርመኝ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አይተናቸው አናውቅማ። «ጠመኔ የያዘ ነው የሚማረው» ይሉና ሁልጊዜ ከእኛ አንዱን ያስነሳሉ። እጅ ማውጣትም ክልክል ነበር። «እጅ አይናገርም፤ የሚያውቅ ስሙን ይጥራ!» ይላሉ። ይሄን ሁሉ የአስተማሪ አመል ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ሌላው አስተማሪ በማስመሪያ ይመታል፣ እሳቸው ደግሞ እንዲህ ናቸው፤ አለቀ።

የቤት ዋጋን ያስተማሩን ግን እንዲህ ነው። ከሰሌዳው ሥር፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ፣ በጠመኔ ዘጠኝ ቤት አሰመሩን።

«አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ቤት አለ?» ይላሉ ከክፍሉ ኋላ ቆመው።

«ሦስት!»

«ማን ማን?»

«የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት!»

«ግቢው ሞላ። አጥሩን አጥሩና ተሻገሩ። ማዶስ ስንት ቤት አለ?»

«ሦስት! የሺህ፣ የአስር ሺህ፣ የመቶ ሺህ!»

«አያችሁ፣ ቤቶቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የግቢው ስም ነው። ትልቅ ቁጥር የሚያስፈራው በአንድ ትንፋሽ ልዋጠው ለሚል ሆዳም ነው። እናንተ በየግቢው ገባ በሉ፣ ያሉትን ቁጠሩ፣ የግቢውን ስም ጥሩ፣ እለፉ።»

አጥር የሚሉት ኮማዋን ነበር። ዛሬ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከሦስት አሃዝ በኋላ ኮማ ስታኖር፣ «አጥሪው» እላታለሁ ሳላስበው። እሷም ዞራ ታየኛለች።

አሥር ልጆች ተመርጠን እያንዳንዳችን አንድ አሃዝ ተሰጠን። የተሰጠህ አሃዝ ዓመቱን ሙሉ ያንተ ነው። ቁጥር ሲሠራ ባለ ካርቶኖቹ ቤት ቤታችን ገብተን እንቆማለን፤ ከዚያ ከትልቁ ቤት ጀምሮ እያንዳንዱ አሃዙን ይጠራል። «ሰባት!» «አራት!» «ዜሮ!» ጋሽ ሚሊዮን ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ቁጥሩን አፋቸውን ሞልተው ያነቡታል። ተሳስተው አያውቁም። ክፍሉ ያጨበጭባል።

ዜሮ የደረሰኝ ቀን ካርቶኗን ፊቴን አዙሬ ነው የተቀበልኩት። ዘጠኝን ጠብቄ ነበር። ዘጠኝ ለጎረቤቴ ልጅ ተሰጠው፤ ሰባት ሲደመር ስምንትን በጣቱ ለሚቆጥረው።

«ዜሮ ባዶ ቤት ትጠብቃለች» አሉ እሳቸው፣ እኔ ባለሁበት በኩል ፊታቸውን አዙረው። «ሌሎቹ ቢሳሳቱ የሚሳሳተው የራሳቸው ቤት ነው። ዜሮ ከጠፋች ግን ከሷ በላይ ያሉት ሁሉ ከቤታቸው ተፈናቅለው ይወርዳሉ። ስለዚህ በኔ ክፍል ዜሮ ዝም አትልም። ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። የገባኝ «ባዶ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ እማዬ እንደነገረችኝ፣ ዜሮን ለማን እንደሚሰጡ ሦስት ቀን አስበዋል። «ከአምሳ ልጅ መሃል በድምፅ ለይቼ የማውቃት ያንቺን ልጅ ነው፤ እንደ ደወል ነው የምትጠራው» ብለዋታል። ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ድምፅ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ መስታወት ቤት ተቀምጬ፣ የሚነሱትን አውቶቡሶች በድምፅ ማጉያ እጠራለሁ። ስጠራ አንድ ቀን እንኳ ሳላፍር ውዬ አላውቅም።

እማዬ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበረች። አባቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከደወል በኋላ እሷን ለመጠበቅ ግቢ ውስጥ እየተንከራተትኩ እቆያለሁ፤ ታይፕራይተሯ መንኳኳቷን ስታቆም እማዬ ጨረሰች ማለት ነው። በዚያ ዓመት ግን ታይፕራይተሯ ዝም ካለች በኋላም እማዬ አትወጣም። በሩ ገርበብ ይላል፤ ከውስጥ ዝቅ ያለ ወሬ ይሰማል። ጋሽ ሚሊዮን እዚያ ናቸው።

ከዚያ አብረው ይወጣሉ፣ እማዬ ክንዳቸውን ይዛ። እስከ መንገዱ ማዶ ትሸኛቸዋለች። ከበራችን አጠገብ የምትሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «እናትሽ ደግሞ ክንድ መያዝ ጀመረች አሉ» አለችኝ አንድ ቀን። ሳቋ አላማረኝም። «ምን አለበት፣ ገና ልጅ ናት» አለች ቀጥላ። እማዬን ነው ልጅ ያለችው። ያን ቀን ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማስረጃ ሆነብኝ። ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጻፈው «ጎበዝ» እንኳ የእማዬን የእጅ ጽሑፍ እየመሰለ መጣ። የሚዋደዱ ሰዎች ፊደላቸውም ይመሳሰላል ማለት ነው ብዬ ተንገሸገሽኩ። የአምሳ ልጅ ደብተር የምታርመው ራሷ እማዬ ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል? ተማሪው ሁሉ እንደሚለው ብልጥ ብሆን ኖሮ እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ክፍል ለክፍል እየገቡ ትምህርቱን የሚያዩት ሱፐርቫይዘር ከትምህርት ቢሮ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከጸሐፊዋ ክፍል በር ሥር ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ያላንቺ እኮ እዚህ አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር» አሉ ጋሽ ሚሊዮን።

«ትምህርት እስኪዘጋ ነው» አለች እማዬ። «ሁለት ወር ምን አላት? ከዚያ በኋላ የፈለገው የፈለገውን ቢል ግድ የለንም።»

«ለልጅቷ ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። አፏ አያርፍም፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።»

«ነገ ሰውየው ቢያውቁብንስ?»

«አያውቁም። እርስዎ እንደ ሁልጊዜው ያስተምሩ።»

እንግዲህ ምን ቀረ? ትምህርት ሲዘጋ ሊጋቡ ነው። ባዶ ብሎ የሰደበኝ ሰው በአባቴ ወንበር ሊቀመጥ ነው። በሩ ሥር ቆሜ ጥርሴን እስኪያመኝ ነከስኩ። ዛሬ ያንን ወሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ስለ ዓይን ያልተነገረ አንድም ቃል የለውም። ያኔ ግን ስለ ዓይን የሚባል ነገር በሐሳቤ አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሩ ወፍራም፣ ሲቀመጡ ወንበሩን የሚያስጮኹ፣ የደስ ደስ ያላቸው ሰው ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከልጆች ጋር ተጣበው ተቀመጡ። ጋሽ ሚሊዮን እንደ ልማዳቸው ከኋላ ቆሙ። ግቢውን አስቆጠሩን፣ አጥሩን አሳጠሩን፤ ሱፐርቫይዘሩ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«እስቲ እኔ ደግሞ አንድ ቁጥር ልሥራ» ብለው ተነሱ። ከባለ ካርቶኖቹ ሰባታችንን እየነካኩ መረጡ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ትከሻ ትከሻችንን ይዘው ቤት ቤታችን አስገቡን። አምስት በሚሊዮን ቤት። እኔ ከእሱ ቀጥሎ፣ በመቶ ሺህ ቤት። ከኔ ወዲያ ሦስት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ፣ አራት።

«በሉ ጥሩ!» አሉ ጋሽ ሚሊዮን ከኋላ።

«አምስት!»

ተራው የኔ ነበር። ካርቶኗን አጥብቄ ያዝኩና ምላሴን ዋጥኩ። እውነቱን ልናገር፤ አልረሳሁም፣ አልፈራሁም። ቁጥሩን ማንበብ አቅቷቸው በሱፐርቫይዘሩ ፊት ትንሽ እንዲደናገጡ ፈልጌ ነው። ትንሽ ብቻ። ካርቶኗን ያዩ የለ፣ ይቆጡኛል፣ ያነባሉ፣ ያልፋል ብዬ ነበር።

ባለ ሦስቱ ልጅ በጎን አየኝ። ጠበቀ። ቢጨንቀው «ሦስት!» አለ። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ፣ እስከ አራት።

ጋሽ ሚሊዮን ጆሯቸውን ዘንበል እንዳደረጉ ቀሩ።

«የቀረ አለ?» አሉ።

እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ጊዜ ሰጡኝ። ከኋላ ሆነው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ የምጠራበት ጊዜ ሰጡኝ። እንግዳ ስላለ ከልጆቹ ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም።

«አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ አራት» ብለው አነበቡ።

ከፊት ያሉት ልጆች ሳቁ። ሱፐርቫይዘሩም ፈገግ አሉ፤ ሆን ብለው ክፍሉን የሚፈትኑ መስሏቸዋል። «እስቲ ደግመው ይዩት መምህር» አሉ።

«አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ…»

ሱፐርቫይዘሩ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ዜሮዋን ከእጄ ወሰዱ፤ በወንበሮቹ መሃል አልፈው ሄዱና ከፊታቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ አቆሟት። «ይሄ ምንድነው?» አሉ በዝግታ።

ጋሽ ሚሊዮን አዩዋት። ማለቴ ፊታቸው ወደ እሷ ዞሯል። እጃቸውን አንስተው የካርቶኑን ጠርዝ በጣታቸው ዙሪያውን ተከተሉት፣ መሃሏን ሲያገኙት ቆሙ።

«ዜሮዬ» አሉ፣ ለካርቶኑ ሳይሆን ወደ ሰሌዳው በኩል። «እዚያ ነበርሽ እንዴ?»

ባዶ እጄን ከኋላዬ ደብቄ ሰሌዳው ላይ ተለጠፍኩ።

«ልጆቹ በትክክል ነው የቆሙት» አሉ ለሱፐርቫይዘሩ። «ስህተቱ የኔ ነው።»

ማታ እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ያኔ ነገረችኝ። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ሰሌዳውን እየተደገፉ ስለሚሄዱ ነው ኮታቸው የሚነጣው። ደብተሩን የምታነብላቸው፣ የምታርምላቸው፣ መንገዱን የምታሻግራቸው እሷ ናት። ሁለት ወር ቢቆዩ በክብር ጡረታ ይወጡ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

አልጋው ሥር መግባት ነበር የተመኘሁት። ሊያገባሽ መስሎኝ ነው ብዬ እንዴት ልበላት?

«ጠርቻለሁ» አልኩ። «እሳቸው ናቸው ያልሰሙኝ።»

እማዬ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አወለቀች።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ተጠራሁ። ሱፐርቫይዘሩ አሉ፣ ጋሽ ሚሊዮን አሉ፤ እማዬ ጥግ ላይ ታይፕራይተሯ ፊት ተቀምጣለች። ሱፐርቫይዘሩ ለርዕሰ መምህሩ ይናገሩ ነበር።

«በሃያ ዓመት ሥራዬ የአራተኛ ክፍል ልጆች ሚሊዮንን እንዲህ ሲጫወቱበት አላየሁም። ዓይን ከሌለ ጆሮ አለ፤ ሰውየው የሚያስተምሩት በጆሮ ነው። ረዳት ይመደብላቸው፣ ዓመቱን ይጨርሱ። እኔ እፈርማለሁ። ብቻ አንድ ነገር ላጣራ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ የኔ ልጅ። ትናንት ተራሽ ሲደርስ ጠርተሻል?»

እኔ የሰማሁት «ላጣራ» የሚለውን ነው። ጥፋተኛ የሚፈለግ መሰለኝ። አልጠራሁም ካልኩ ከትምህርት ቤት እባረራለሁ፣ እማዬም በኔ ምክንያት ትባረራለች። ከዚያ በፊት ስለ ጆሮና ስለ ረዳት የተባለው ሁሉ ከጭንቅላቴ በላይ አልፏል።

«ጠርቻለሁ» አልኩ።

«ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

የታይፕራይተሯ ድምፅ ቆመ። ሱፐርቫይዘሩ ተነፈሱ። «መምህር፣ ምን ይላሉ?»

ጋሽ ሚሊዮን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ «ትዋሻለች» ማለት። ልጅ ነች፣ ማንም ያምናቸው ነበር።

«ልጅቷ ጠርቻለሁ ካለች ጠርታለች» አሉ።

«እርስዎ ግን አልሰሙም።»

«አልሰማሁም።»

ርዕሰ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይንም ጆሮም ከደከመ እንግዲህ ምን ማድረግ ይቻላል?» አሉ። ደብዳቤውን የጻፈችው እማዬ ናት። «በማየትና በመስማት ችግር ምክንያት» የሚለውን ስትመታ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ነበር፣ ገና ታይፕ እንደምትማር ሰው።

እማዬ ያንን ዓመት ሙሉ ለእሳቸው ያነበበችው በሹክሹክታ መሆኑ የታወሰኝ፣ ካደግሁ፣ ከወለድኩ በኋላ ነው። አምና፣ ጆሯቸው ደህና እንደነበረ ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አርጅታለች። «አውቅ ነበራ» አለችኝ። «እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ከክፍሉ ስንወጣ ‹አደራ ልጅቷን እንዳትናገሪያት፤ ልጅ አዋርጄ የማገኘው ሁለት ወር ይቅርብኝ› አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ልጄ ነሻ፣ ምን ላድርግ?»

ከተሰናበቱ በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ዕቃቸውን ልታደርስላቸው ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ከእህታቸው ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት ይኖራሉ፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ አልጋ፣ መስኮቱ ላይ የታጠበ መጋረጃ። እህታቸው ደብዳቤውን አስነብባ ሰምታለች። እንደገባን ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ፣ «እንግዳ መጣ! ጸሐፊዋ ናት!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ሚሊዮን ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፣ ሰው ድንገት ሲመታ እንደሚያደርገው። «ሰማሁ፣ ይግቡ» አሉ።

«ሻይ ላፍላ?!»

«ደስ ይለኛል።»

ሲቀበሩ ያገኘኋት ይህችው እህታቸው፣ «ዘጠኝ ዓመት ጮኽንባቸው፤ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ ሳይቀር። አንድ ቀን እንኳ አትጩሁብኝ አላሉም» ብላኛለች። ድምፄ እንዳይሰማ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር።

እማዬ ብርጭቆ ልታጥብላት ተከትላት ወጣች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ። እግሬን አላንቀሳቀስኩም፣ አልተነፈስኩም ማለት ይቻላል።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሻል?» አሉ።

ገባሁ። ከፊታቸው ቆምኩ። ከጓዳ የእህታቸው ጩኸትና የእማዬ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ሚሊዮን ወደ እኔ አዘነበሉ፤ በጣም ዝግ ባለ፣ እኔ እንኳ ለመስማት መጠጋት ባስፈለገኝ ድምፅ፣ «ያን ቀን ጠርተሽ ነበር?» አሉኝ።

ማንም አልነበረም። ሱፐርቫይዘር የለም፣ ርዕሰ መምህር የለም፣ የሚባረር ሰው የለም። እውነቱን ብናገር ከኔና ከእሳቸው በቀር የሚሰማ አልነበረም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እማዬ ከጓዳ ልትመለስ ኮቴዋ ተሰማኝ፤ ፈራሁ። እንደ እህታቸው ጎንበስ አልኩ፣ አፌን ከጆሯቸው አስጠጋሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፤

«አዎ! ጠርቼ ነበር!»

መላ ሰውነታቸው ደነገጠ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሊሄድ ተነሣና መንገድ ላይ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «እንግዲያ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነው። እኔ ደህና አድርጌ ሰማኋቸው።